ግድግዳው ሳይዘጋ

አንዲት ሴት ነበረች። አዲስ አበባ፣ ሳሪስ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ክፍል ተከራይታ ምግብ ቤት ልትከፍት ተነሣች። ክፍሉ ሰፊ ይሁን እንጂ ማድቤቱን ከመመገቢያው የሚለይ ግድግዳ የለውም፤ ከላይም ኮርኒስ ስላልነበረው ቆርቆሮው እንዳለ ይታያል። የዕቁብ ዕጣዋ ሲወጣላት ጊዜ ሳታጠፋ የጂፕሰም ሥራ የሚያውቅ ወጣት አስጠራች።

ወጣቱ ሥራውን የሚወድ ልጅ ነበር። ሞራሌውን በየ40 ሳንቲሜትሩ በውሃ ልክ እየፈተሸ አቆመ። ብሎን ሊገዛ ሲሄድ ባለሱቁ ጥርሱ ደቃቅ የሆነውን ጥቁር ብሎን አወጣለት። ልጁ በጣቱ ዳሰስ አደረገና መለሰው።

«ይሄ የላሜራ ነው፤ የኔ ፍሬም እንጨት ነው። ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለውን ጥቁር ስጠኝ» አለ።

ልክ ነበር። ደቃቅ ጥርስ ቀጭን ላሜራን ነክሶ ይይዛል፤ እንጨት ውስጥ ሲገባ ግን በጥርሶቹ መካከል የእንጨት ብናኝ ይሞላውና የሚነክሰው ያጣል። ሰፊው ጥርስ ደግሞ እንጨቱን አንቆ ይይዛል፤ ላሜራ ላይ ከመቱት ግን ቀዳዳውን አስፍቶ ባዶውን ይሽከረከራል። ርዝመቱንም ሲመርጥ አልተሳሳተም። የሰሌዳው ውፍረት 12.5 ሚሊሜትር ነው፤ እሱ የገዛው ባለ 35 ሚሊሜትር ብሎን ሰሌዳውን አልፎ ከ20 ሚሊሜትር በላይ እንጨት ውስጥ ይገባል። ያን ያህል ከገባ ይበቃል።

ሲመታም ላየው ሰው ደስ ያሰኛል። የጂፕሰም ብሎን ራስ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ የሚሰፋ ነው። የተሠራውም ወረቀቱን ሳይቀድ ወደ ውስጥ ጫን አድርጎት እንዲቆም ነው። ልጁ ድሪሉን የሚያቆምበትን ቅጽበት ከድምፁ ያውቀዋል፤ ራሱ ከወረቀቱ ጥቂት ዝቅ እንዳለ ጣቱን ያነሣል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሰሌዳው ሆድ በጥፍር የሚፋቅ ጂፕሰም ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ከፊትና ከኋላ የተለጠፈው ወረቀት ነው። ኦገስቲን ሳኬት የተባለው አሜሪካዊ ጂፕሰምን ከወረቀት ጋር ደራርቦ ሰሌዳ የመሥራት የፈጠራ መብት ካገኘበት ከ1894 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ጂፕሰሙ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ውሃ ስለሆነ እሳትን ያዘገያል፤ ወረቀቱ ደግሞ ጭነቱን ይይዛል። የብሎኑ ራስ ወረቀቱን ቀዶ ከገባ ከውጭ ሲያዩት የተመታ ይመስላል እንጂ የጨበጠው ዱቄት ነው።

ኮርኒሱን በየ20 ሳንቲሜትሩ፣ ግድግዳውን በየ25 ሳንቲሜትሩ መታ። ኮርኒስ ላይ የሚቀራረበው ሰሌዳው ቀንና ሌሊት ወደ ታች ስለሚሳብ ነው። ስቱኮው ተለስኖ፣ ቀለሙ ተቀብቶ ሲያልቅ ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ አየችና «እጅህ ይባረክ» አለችው።

ቀጥላም «አሁን ደግሞ ከሻይ ማፍያው በላይ ካቢኔቱን ስቀልልኝ» አለች።

ካቢኔቱ በ18 ሚሊሜትር ፕላይውድ ተሠርቶ ከእንጨት ቤት የመጣ ነበር። ልጁ አላቅማማም። «ይቻላል እትዬ፤ ሞራሌው የት የት እንዳለ አውቀዋለሁ» ብሎ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳና ቦታውን በእርሳስ ምልክት አደረገ። ከዚያ ወደ ሱቅ ሄዶ 75 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ጥቁር ብሎን ገዛ። ለምን ጥቁሩን? ስለሚያምነው ነው። በዚያ ቤት ብቻ በመቶ የሚቆጠር ጥቁር ብሎን መትቷል፤ አንድም አላሳፈረውም። ያለ መብሻ እንጨት ይበሳል፣ ራሱ አይበላም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ሒሳቡንም ሠርቷል፦ 18 ለፕላይውዱ፣ 12.5 ለጂፕሰሙ፣ የቀረው ከ40 ሚሊሜትር በላይ ሞራሌ ውስጥ ይገባል። ከላይ ሦስት፣ ከታች ሦስት መታ። ካቢኔቱን በሁለት እጁ ይዞ ቢወዘውዘው ንቅንቅ አላለም።

ሴትዮዋ ሞላችው። ሳህኑ፣ ብርጭቆው፣ ስኳሩ፣ ጨው፣ በርበሬው በጣሳ፣ ዘይቱ በጀሪካን፣ ሁሉም ገባ። ከነካቢኔቱ 80 ኪሎ ግድም ይሆናል። ከሥሩ ሻይ ከንጋት ጀምሮ ይፈላል። በሮቹ በቀን ስንቴ እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ የምግብ ቤት ሰው ያውቀዋል።

ክረምቱ ገባ፤ እንጨቱ እርጥበቱን ጠጥቶ አበጠ። መስከረም አልፎ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ደርቆ ሸሸ። በጥቅምት አንድ ሌሊት፣ ቤቱ ተዘግቶ ሰው በሌለበት፣ ካቢኔቱ ከነዕቃው ወደቀ።

ጠዋት በር ሲከፈት በርበሬው ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ወለሉን ሸፍኖታል። ሴትዮዋ የተሰበረውን ሳህን ትታ «ሠራተኛዋ ልጅ ከሥሩ ሻይ ስትቀዳ ቢሆንስ ኖሮ?» እያለች ትንቀጠቀጣለች። ወጣቱ ተጠርቶ መጣ። አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ እኔ በደንብ ነው የመታሁት። ብሎኑ ነው፤ ዘንድሮ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ውዳቂ ነው» አለ። ባለሱቁ ዘንድ ተሄደ። ባለሱቁ ደግሞ «ከዚሁ ካርቶን ስንት ሰው ገዝቶ ሠራበት። አንተ ነህ አለቅጥ አጥብቀህ የሰበርከው» ብሎ ጮኸ። ወጣቱ ባለሱቁን፣ ባለሱቁ ወጣቱን፣ ሴትዮዋ ሁለቱንም ከሰሰች። ነገሩ ወደ ጣቢያ ሊሄድ ሲል ጎረቤት ገባበትና በሰፈሩ ነገር የሚያበርዱ፣ ዕድሜያቸውን በእንጨት ሥራ ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ ተለምነው መጡ።

ሽማግሌው ሲገቡ ግድግዳውን ቀና ብለው አላዩም። «መጥረጊያ አምጡ» አሉ። ወለሉን ራሳቸው እየጠረጉ በስብርባሪው መካከል ይፈልጉ ጀመር። ከፕላይውዱ ላይ ጥቁር የብሎን ራስ አንድ፣ ሌላም ሌላም እየፈቱ በመዳፋቸው ሰበሰቡና ጠረጴዛ ላይ ደረደሯቸው። ስድስት ሆኑ።

«ስድስቱም እዚህ ናቸው። ከግድግዳው ተነቅሎ የወጣ አንድም የለም» አሉ። ወደ ወጣቱም ዞረው «ልጄ፣ በዚህስ አልተሳሳትክም። ሞራሌውን አግኝተኸዋል፣ ርዝመቱም ልክ ነው፣ እንጨቱ ብሎኑን አለቀቀም። የተሰበረው ወገቡ ላይ ነው» አሉት።

ወጣቱ ይህን ሲሰማ ተጽናና። «አላልኩም? ብሎኑ ውዳቂ ነው!»

ሽማግሌው ከካርቶኑ አዲስ ጥቁር ብሎን አወጡና ግማሹን በፒንሳ አስይዘው «በዚህኛው ፒንሳ ራሱን ይዘህ አጉብጠው» አሉት። ልጁ ጫን አደረገው። ብሎኑ ጥቂት እንኳ ሳይጎብጥ ጠቅ ብሎ ተሰበረ። ሽማግሌው ከኪሳቸው አንድ የእንጨት ብሎን አወጡ፤ ከሱ ወፈር ያለ፣ ከራሱ በታች ያለው አንገቱ ጥርስ የሌለው ለስላሳ ነው። «ይህንንም አጉብጠው።» ልጁ ታገለ። ብሎኑ ጎበጠ፤ ጨርሶ ታጠፈ፤ አልተሰበረም።

«የቱ ይጠነክራል?» ብለው ጠየቁት።

ልጁ አሰበ። ያየው ነገር ከሚያውቀው ጋር አልገጥም አለው። «ጋሼ፣ የሚጠነክረውስ ጥቁሩ ነው። ላሜራ ሳይቀር ይበሳል፤ ያንን ላሜራ ላይ ብሞክረው ጫፉ ይዶለዱማል።»

«አዎን። የተሰበረውም ጠንካራ ስለሆነ ነው» አሉት።

ይህ አነጋገር እንቆቅልሽ ይምሰል እንጂ የብረት ሥራ የሚያውቅ ሁሉ የሚመሰክረው ነው። ጥቁሩ ብሎን መጀመሪያ ለስላሳ የብረት ሽቦ ነበር። ጥርሱ ከወጣለት በኋላ ካርቦን በሞላበት እቶን ውስጥ ይግላል፤ ከዚያ በድንገት ይቀዘቅዛል። ላዩ ካርቦኑን ጠጥቶ ይከራል። ጫፉ ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጠውን ላሜራ ያለ መብሻ የሚበሳው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን አንድ ብረት ክረትን ሲያገኝ መለመጥን ያጣል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ በሙሉ አያገኝም። ጥቁር መልኩም ፎስፌት የሚባል ቅብ ነው። ቀለምና ስቱኮ እስኪደርቅ ድረስ ዝገትን ይከለክላል፤ ዓመት ሙሉ ከሥሩ የሚፈላን የሻይ እንፋሎት ለመቋቋም ግን አልተቀባም።

ሽማግሌው ቀጠሉ። «እስኪ በካቢኔቱና በሞራሌው መካከል ምን አለ?»

«ጂፕሰሙ።»

«ጂፕሰሙ በጥፍር ይፋቃል። እንግዲህ ብሎንህ ከእንጨት እስከ እንጨት ያለችውን መንገድ ሲያልፍ የሚደግፈው የለም ማለት ነው። ጭነቱ ደግሞ ወደ ታች ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብሎኑ ትንሽ ይታጠፋል፤ በተዘጋ ቁጥር ይመለሳል። የሚለመጥ ብረት ይህን ይችለዋል። ጥቁሩ እየተሰነጠቀ ይቆይና አንድ ቀን ይለቃል። ደግሞም ጥርሱ እስከ አንገቱ ድረስ ነው፤ ፕላይውዱን ነክሶ ስለሚይዘው ወደ ግድግዳው ስቦ አያጣብቀውም። ወዝውዘኸው አልተነቃነቀም፤ ከኋላው ክር የምታስገባ ክፍተት መኖሯን ግን አላየህም። የእንጨቱ ብሎን አንገቱ ለስላሳ የሆነው ፕላይውዱ እየተንሸራተተ ግድግዳው ላይ ልጥፍ እንዲል ነው።»

ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። «ልጄ፣ የእንጨቱ ብሎን ቢሆን ኖሮ ይህ ካቢኔት ሳይወድቅ በፊት ዘንበል ይል ነበር። አንቺም ታይው ነበር። ‹ምን ሆነ?› ትዪና ሳህኑን ታወርጂ ነበር። ጥቁሩ ግን አይናገርም። ትናንት ማታ ስትዘጊ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ቀጥ ብሎ ነበር።»

«እውነት ነው ጋሼ፤ ምንም አላየሁበትም» አለች።

ባለሱቁ እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ «እንግዲያው ቢጫውን ብሎን ልሽጥለት?» አለ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀለም አይተህ አትሽጥ፤ እሱም ቀለም አይቶ አይግዛ። ቢጫ ሆኖ እንደ ጥቁሩ ጠቅ የሚል አለ። ከካርቶኑ አንዱን አውጥታችሁ አጉብጡት፤ ያኔ ይነግራችኋል።» ይህች ምክር በሱቅ ደጃፍ ላይ ደቂቃ አትፈጅም፤ ሲያደርጋት ያየሁት ሰው ግን ጥቂት ነው።

ወጣቱ ግን በዚህ መካከል እልህ ይዞት የጥቁሩን ብሎን ካርቶን አንሥቶ ወደ በሩ ተራመደ። ሊጥለው ነው። «ሁለተኛ በዚህ አልሠራም» አለ።

«ና ተመለስ። ቀና በል» አሉት።

ቀና አለ።

«ይህን ኮርኒስ ማን ተሸከመው?»

ልጁ ዝም አለ።

«አንዱ ሰሌዳ 1.20 በ2.40 ነው፤ 25 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ስንት ብሎን መታህበት?»

ልጁ በዓይኑ ቆጠረ። ሞራሌው ሰባት ረድፍ፣ በየረድፉ ሰባት። «49» አለ።

«25 ኪሎ ለ49። ለያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ደረሰው። አንዱ ቢደክም ስምንት ጎረቤት አለው። ክረምቱ በዚህ ኮርኒስም ላይ አልፏል፤ አንድ ስንጥቅ አለው? እስኪ ያንን የእንጨት ብሎን ጂፕሰም ላይ ምታው።»

ልጁ ከትርፍራፊው አንድ ቁራጭ ጂፕሰም አንሥቶ የእንጨቱን ብሎን መታበት። የብሎኑ ራስ ከሥሩ ሹል ስለሆነ ገና ከመድረሱ ወረቀቱን ቀደደውና ዱቄቱ ውስጥ ሰጠመ። ቁራጩን በጣቱ ሳብ ቢያደርገው ከብሎኑ ተላቆ በእጁ ቀረ።

«ካርቶኑን ወደ ቦታው መልሰው» አሉት ሽማግሌው።

ወዲያው ሦስቱንም አንድ ላይ ጠየቋቸው። «ይህ ግድግዳ ሳይዘጋ፣ ሞራሌው ገና ራቁቱን ቆሞ ሳለ፣ ምን እንደሚሰቀልበት የጠየቀ ማን ነው?»

ሴትዮዋ ቀድማ መለሰች። «ካቢኔቱ እንደሚሰቀል እኔ ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ግድግዳ ግድግዳ ነው ብዬ አልነገርኩትም።» ወጣቱ «እኔም አልጠየቅኋቸውም» አለ። ባለሱቁ መሬት መሬት እያየ «ረጅም ጥቁር አለ? አለኝ፤ ሰጠሁት። ለምንህ ነው አላልኩትም» አለ።

ሽማግሌው የተሰበረውን ዕቃ ግምት ለሦስት ከፈሉት። ሴትዮዋ አንዱ እጅ በእሷ መውደቁ መጀመሪያ ከበዳት፤ ቆይታ ግን ተቀበለች። ፍርዱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ከሦስቱ ማናቸውም አንድ ጥያቄ ቢጠይቁ ኖሮ በቂ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ተከፈተ። ወጣቱ ካቢኔቱ በሚሰቀልበት ቁመት ላይ ጂፕሰሙን በአግድም ቆርጦ አወጣ፤ በቋሚዎቹ መካከል አግዳሚ ሞራሌ አስገብቶ አሰረና ሰሌዳውን መልሶ በጥቁሮቹ ብሎኖች መታ። ለካቢኔቱ 5 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 80 ሚሊሜትር ርዝመት ያላቸውን የእንጨት ብሎኖች ወሰደ። ፕላይውዱን አስቀድሞ በመብሻ በሳው፤ ሽማግሌው ከጠርዙ እንዲርቅ አስጠንቅቀውታል። ፕላይውድ አንዱ ቅጠል በቁመት፣ ቀጣዩ በአግድም እየሆነ የተጣበቀ በመሆኑ ከፊቱ ሲመቱት ብርቱ ነው፤ ከጠርዙ በኩል ወይም ጠርዙ ሥር ከገቡበት ግን ቅጠል ከቅጠሉ ይለያያል።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ። የተሰበሩት ብሎኖች ግማሽ አካላቸው አሁንም ሞራሌው ውስጥ ነው። ወጣቱ የድሮው ምልክት ላይ ሊበሳ ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት። «እዚያ ውስጥ ብረት አለ። አይነቀልም፣ መብሻህንም ይሰብረዋል። አራት ጣት ወዲህ በል።»

ከዚያ ወዲህ ያ ወጣት ፍሬም ካቆመ በኋላ ሰሌዳ አያነሣም፤ አስቀድሞ ባለቤቱን ጠርቶ በራቁት ሞራሌው መካከል ያቆመዋል። እዚህ ምን ይሰቀላል? ቴሌቪዥን ነው? ባለ 50 ሊትር ቦይለር ነው? እሱማ ውሃው ብቻ 50 ኪሎ ነው። መልሱን ሞራሌው ላይ በእርሳስ ይጽፈዋል።

ይህን ምሳሌ የተናገርኩት ወደ አረብ ሀገር ስለምንልካቸው ሴቶች ልጆች ነው።

በብዙ ቤት አንዲት ልጅ አለች። ከልጅነቷ ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ታናናሾቿን አዝላ ያደገች ናት። ስታማርር ተሰምቶ አይታወቅም። ለቤቱ ችግር መላ ሲፈለግ ዓይን ሁሉ ወደሷ ያያል፤ «እሷ ትችለዋለች» ይባላል። ትሄዳለች፤ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ኩዌት ወይም ወደ ቤይሩት። ከመጀመሪያው ደመወዝ የእናት መድኃኒት ይገዛል። ቀጥሎ የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ ይመጣል፤ ቀጥሎ የቆርቆሮ፣ ቀጥሎ የአጎት ልጅ ሠርግ። ለጠያቂው እያንዳንዱ ጥያቄ ትንሽ ነው። የሷን ወር ግን ጠያቂዎቿ ተሰብስበው ደምረውት አያውቁም። እኛ የማናየውም አለ፦ በአብዛኞቹ በእነዚያ አገሮች የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ቤቱ ቢከፋባትም እንደ ልቧ ትታው መውጣት አትችልም። ደክማ የምትደገፍበት የለም። በስልክ ስንጠይቃት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ እኛም እናምናለን፤ ቀጥ ብላ ስለምናያት።

አንድ ቀን ስልኩ ዝም ይላል፤ ወይም ልጅቷ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወጣ የሚያናግሯት አትሰማም፣ ትኩር ብላ ታያለች። ያን ጊዜ «ምን ነካት? እሷ እኮ ብርቱ ነበረች» እንላለን። ጠበል እንወስዳታለን፤ መውሰዳችን ክፉ አይደለም። ሽማግሌው ወለሉን እንደጠረጉ ግን ማን ምን ሰቅሎባት እንደነበር አንጠርግም። አንዳንዶች ይባስ ብለው ዓመት ሳይሞላ ታናሽ እህቷን በዚያው መንገድ፣ በዚያው ደላላ፣ ለዚያው ሸክም ይልካሉ። የመጀመሪያዋ ስብራት፣ እንደዚያ ብሎን፣ ገና ቤቱ ውስጥ ነው።

ብርታቷ እውነተኛ ነው። ከሷ የተሻለ ልጅ ፍለጋ መሄድም ከንቱ ነው። ከ48 ጋር ሆና ኮርኒስ የምትሸከም ልጅ ናት፤ በቤቱ ያለ ሁሉ ግማሽ ኪሎውን ቢይዝ እሷም የራሷን ድርሻ ለዓመታት ትይዛለች። ታዲያ መሄዷ የማይቀር ከሆነ ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ቤተሰቡ ሁሉ፣ ወንድሞቿም ጭምር፣ ይቀመጡ። የእናትን መድኃኒት ማን ይይዛል? የታናሹን የትምህርት ቤት ክፍያ አባት ከሚሠራው ላይ ስንት ያዋጣል? ታላቅ ወንድም ሥራ እስኪያገኝ እሷን ከሚጠብቅ የቀን ሥራ ይያዝ። ከምትልከው ውስጥ በስሟ ባንክ የሚቀመጠው፣ ማንም የማይነካው ስንት ነው? ስንት ዓመት ትቆያለች? ይህ ሁሉ እሷ ባለችበት ይነገር፤ በወረቀት ይጻፍና አንዱ ቅጂ በሻንጣዋ ይግባ።